የካሴቱ ጀርባ በጎጆ ገበያ

ጎጆ የምትባለውን ከተማ ይህን ከሚያነቡት ሰዎች አብዛኞቹ አላዩዋትም፤ ወደፊትም የሚያዩዋት አይመስለኝም። የአምቦን መንገድ ይዞ ግንጪ ላይ ወደ ሰሜን የታጠፈና ዳገቱን የቻለ ሰው ያገኛታል። ብርድ፣ ገብስ፣ ድንችና በግ ያለባት ደጋ ናት። እኔ እዚያ ያደርኩት ሦስት ሌሊት ብቻ ነው። ሆኖም ለቅቄ ስወጣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቀኝ አልነበረም፤ ያውም በመልኬ ሳይሆን በድምፄ። እንዴት እንደሆነ መናገር ያሳፍረኛል። ቢሆንም አፌ ያበላሸውን እጄ ቢጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ከመነሻው ልጀምር።

ሰኞ

ዘመኑ ሰባዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። መስቀል አልፏል፣ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። የምሠራው አዲስ አበባ፣ በአንድ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ቅስቀሳ ክፍል ውስጥ ነበር። ዓርብ ጎጆ ላይ በጎች የፈንጣጣ ክትባት ስለሚሰጣቸው፣ ቀድመን ሄደን በየገበሬ ማኅበሩና በገበያው ማስታወቂያ እንድናሰማ ታዘዝን። እኛ ማለት እኔና ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ ነን። ጋሽ ወርቁ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት የሆለታ ሰው ነው፤ ሃምሳውን አልፏል፤ ከሚናገረው የሚያዳምጠው ይበዛል። እኔ የሱ ተቃራኒ ነኝ።

ላንድሮቨራችን ጣሪያዋ ላይ ጡሩምባ የሚመስሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አሏት፤ ውስጥ ከመሪው አጠገብ ደግሞ የካሴት ቴፕ። ከቴፑ ወደ ጡሩምባዎቹ የሚሄደው ገመድ በሾፌሩ መስኮት ጥግ ስለሚወጣ ያ መስኮት ተዘግቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ነው። በዝናብ ጊዜ የጋሽ ወርቁ ግራ ትከሻ ይረጥባል። እኔ በዚህ እስቅ ነበር።

ማስታወቂያውን አንዲት የሥራ ባልደረባችን በኦሮምኛ አንብባው በሁለት ካሴት ተቀድቶ ተሰጥቶኛል። በየካሴቱ አንድ ፊት ላይ ማስታወቂያው እየተደጋገመ ሞልቷል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ኪሴ ውስጥ ደግሞ የራሴ ያልሆነ ሀብት ነበረኝ፤ የእጮኛዬ የሰናይት ዎክማን። መርከበኛ አጎቷ ያመጣላት የኪስ ቴፕ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ለብቻ ይሰሙበታል፣ ድምፅም ይቀዳል። ከሁሉ የሚገርመው፣ የካሴቱ አንድ ፊት ሲያልቅ ማንም ሳይነካው በራሱ ወደ ሌላው ፊት ዞሮ ይቀጥላል። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ይህን ሳላሳይ አላልፍም ነበር።

"ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ" አለችኝ ሰናይት ስታውሰኝ። "ያየኸውን ሁሉ በድምፅህ ቅዳልኝ። እኔ ጨዋታህን ነው የምፈልገው።"

እሷ ምን ታድርግ፣ ጨዋታ አዋቂ መሆኔን ያስለመድኳት እኔው ነኝ።

ከቡራዩ በኋላ መንገዱ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ አደይ በእቅፍ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ እንዲያው ለማንም ሳይሆን ሜዳ ሙሉ ሆኖ ሳየው ብክነት መሰለኝ። አዲስ ዓለም ላይ ለምሳ ወረድን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ያቀረበችልን ጥብስ እኛ ሰፈር ለሦስት ሰው ይበቃል። "ብሉ እንጂ፣ ገና አምቦ አልደረሳችሁም" እያለች ጨመረችልን። ከምሳ በኋላ ማስታወቂያውን ልሞክር ብዬ አንዱን ካሴት የመኪናው ቴፕ ውስጥ ከተትኩ።

"ቆይ" አለ ጋሽ ወርቁ። "አቧራ ጠጥቷል። መጀመሪያ ይጠረግ።"

"አያስፈልገውም ጋሼ" አልኩና ተጫንኩት። ሁለት ቃል ተናገረና ያጉተመትም ጀመር። ስስበው ክሩ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ወጣ። ባለቤቷ የሹራብ መሥሪያ ሹል አምጥታ፣ በሩ ላይ ተቀምጣ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ልትጠቀልልልኝ ታገለች። ክሩ ግን ተቆራርጦ ነበር። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ያበላሸሁት እኔ።

አምቦ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገባን። ሆቴሉ ውስጥ አስተናጋጁን "ከቧንቧችሁም ጋዝ ያለው ውሃ ነው የሚወጣው?" ብዬ ጠየቅኩት። ሰውዬው ሳቁን በፎጣው ሸፍኖ፣ ለማንኛውም ብሎ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ አልጋዬ ራስጌ አኖረልኝ። እኛ ቤት ያ ጠርሙስ ለዓመት በዓል ነበር የሚከፈተው።

ማክሰኞ

ጠዋት ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ተቀበልን። ከዚያ ጋሽ ወርቁ ሳይነግረኝ በቀጥታ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ወዳለ የሬዲዮ ጠጋኝ ወሰደኝ። ገመቹ ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ቀጭን ሰው ነው። የመኪናውን ቴፕ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

"ይሄ ሆዱ ጤነኛ ነው" አለ። "የታመመው ጥርሱ ነው። ካሴት የሚያነበው ክፍል አልቆለታል፤ ድምፅ የሚያጎላው ግን ደህና ነው። ሌላ የሚያነብ ነገር ብናገኝለት ይጮህ ነበር።"

ያን ጊዜ ዎክማኑን ከኪሴ አወጣሁ። ገመቹ አገላብጦ አየውና ፈገግ አለ። "በቃ፣ ማንበቡን ለትንሹ፣ መጮኹን ለትልቁ እንሰጣለን።"

የታመመውን ክፍል ገመድ ቆርጦ በምትኩ ረዘም ያለ ቀጭን ገመድ በእርሳስ በየደ፤ ጫፉ ላይ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ መሰኪያ አሰረ። መጀመሪያ ጡሩምባዎቹ እንደ ንብ ቀፎ እዝዝዝ አሉ። አንዷን ክር ከመኪናው ብረት ጋር ሲያገናኛት ዝም አሉ። የተረፈውን ካሴት ዎክማኑ ውስጥ አግብተን ስንከፍተው የባልደረባችን ድምፅ አውቶቡስ ተራውን ሞላው። ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሁሉ ብርጭቆአቸውን ይዘው ወጡ። እኔ መኪናውን የሠራሁት ያህል ደረቴን ነፋሁ።

"ስማኝ" አለ ገመቹ መሣሪያውን እየሰበሰበ። "ትንሹ ላይ ድምፁን ዝቅ፣ ትልቁ ላይ ከፍ አድርግ። ይህን መሰኪያ ከሰካህ በኋላ ለብቻህ የምትሰማው ነገር የለም፤ አገር ነው የሚሰማው። ጥለኸው እንዳትሄድ። ማሽን ነው፤ ያገኘውን ይናገራል።"

"እኔ እኮ ይህን ዕቃ አውቀዋለሁ" አልኩት። "አዲስ አበባ ነው የመጣሁት።"

ገመቹ ጋሽ ወርቁን አየው፤ ጋሽ ወርቁ ጫማውን አየ። ዋጋ ስንጠይቀው "አባቴ እዚያው የምትሄዱበት ጀልዱ ወረዳ በጎች አሉት፤ ለነሱ ይሁን" ብሎ ሸኘን።

ወደ ግንጪ ተመልሰን፣ የጭልሞን ጫካ እያለፍን ዳገቱን ያዝን። የተንጣለለ አስፋልት የለመደ ሰው ያን መንገድ መንገድ ሊለው ይቸግረዋል። ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘን። ሁለተኛው ጊዜ ከማሳቸው የመጡ ስምንት ገበሬዎች ጎማው የሚረጨው ጭቃ ፊታቸውን እስኪሸፍነው ገፍተው አወጡን። እኔ ጫማዬን ላለማበላሸት ከመኪናው አልወረድኩም። ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል።

ጎጆ ውስጥ ሆቴል ስላልነበረ የተቀበሉን የወረዳው የእንስሳት ጤና ረዳት ኦቦ ቶሎሳና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ናቸው። ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት አላቸው። ኦቦ ቶሎሳ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "አከም ጅርተ? ደህና ገባችሁ?" እያሉ ወደ ምድጃው ወሰዱኝ። አዴ ጫልቱ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር፣ የገብስ ቂጣና ትኩስ ወተት አቀረቡ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀቁ። ከላይ የሚለበሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር ባና ነበር፤ ከባድና ሙቅ፣ በግ በግ የሚሸት። ጋሽ ወርቁ የራሱን ብርድ ልብስ ሁልጊዜ ከመኪናው ስለማይለየው መደቡ ላይ ተኛ። ባልና ሚስቱ ሌላው ክፍል ገቡ። ምን ለብሰው እንደሚተኙ አልጠየቅኩም።

ከመተኛታችን በፊት ኦቦ ቶሎሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ነገሩኝ።

"አቶ ዮናስ፣ የኛ ሰው የመንግሥት መኪና ሲያይ በጎቹን ወደ ገደሉ ሥር ይነዳል። ቆጠራ መጣ ብሎ ይፈራል። ከተቆጠረበት መዋጮው ይበዛበታል። ዓርብ ግን ሁሉንም ያወጣሉ። ማንም አይቆጥርባችሁም ብዬ በልጆቼ ምዬላቸዋለሁ። በሽታው ታች ቀበሌ ገብቷል፤ ሳይከተቡ ከቀሩ ያልቃሉ። ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሰማ ከክትባቱ በፊት ቆጣሪ ይዞ ይመጣል፣ እኔንም ይጠይቀኛል።"

"ኧረ በፍጹም፣ ከእኔ አይወጣም" አልኩ።

ረቡዕ

ጠዋት ጉሙ አጥሩን ሸፍኖት ነበር። ጋሽ ወርቁና ኦቦ ቶሎሳ ቁርስ ላይ ሳሉ እኔ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ለሰናይት የምቀዳበት ሌላ ካሴት አልነበረኝም፤ ያለው አንድ ማስታወቂያው ነው። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ምን ችግር አለው ብዬ ገልብጬ አገባሁት፤ መሰኪያውን ነቀልኩና ማውራት ጀመርኩ።

ያወራሁትን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መርሳት ብችል ደስ ባለኝ። መጀመሪያ ስለ ባናው ነው። "ሰናይት ሙች፣ ያለበሱኝ ባና በጉ ገና ውስጡ ያለ ነው የሚመስለው። ሌሊቱን ሙሉ አሁን ባዕ ይላል፣ አሁን ባዕ ይላል ብዬ ስጠብቅ አደርኩ" አልኩና የበግ ድምፅ አወጣሁ። ቀጥዬ ስለ ምግቡ፤ "ራት ድንች፣ ቁርስ ድንች፣ ምሳም ድንች ነው መሰለኝ። ስመለስ ቅጠል አብቅዬ ብታገኚኝ እንዳትደነግጪ" አልኩ። በሦስተኛ፣ ሌላ የሚያስቅ ነገር ሲጠፋብኝ፣ "ደግሞ ሌላ ጉድ ልንገርሽ" ብዬ በጎቹን ገደል ሥር ስለሚደብቁት ሰዎች ተናገርኩ። የነገረኝ ቶሎሳ ነው ብዬ ስማቸውን ጠራሁ። አንቱታውንም መኪናው ውስጥ ረስቼው ነበር።

የሾፌሩ መስኮት እንደ ልማዱ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ነበር። ከአጥሩ በስተጀርባ የሆነ ነገር ጭር፣ ጭር ሲል ሰምቻለሁ። የወፍ ድምፅ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን አራት ገበሬ ማኅበር ዞርን። በየቦታው እኔ ከዎክማኑ ጋር ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ማስታወቂያው ሊያልቅ ሲል ወደ ኋላ አጠነጥነዋለሁ። ገመቹ የሠራው ገመድ እንከን አልነበረውም። ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ያዳምጣሉ፣ ሽማግሌዎች ጣሪያውን አንጋጠው "ገለቶማ" እያሉ ያመሰግናሉ። በየቦታው ወተት አጠጡን።

ማታ ስንመለስ ራቱ ዶሮ ነበር። አልጋዬ ላይም ባናው የለም፤ በምትኩ ብረት አልጋ ላይ እንደሚነጠፈው ያለ ግራጫ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል፤ ከጎረቤት መምህር የተዋሱት ነው አሉ። ባናው ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ውሃው ይንጠባጠባል። በዚያ ጉምና ካፊያ ምን ያደርቀዋል ብዬ ገረመኝ እንጂ ለምን ታጠበ ብዬ አላሰብኩም። ይልቁንም የአዲስ አበባ እንግዳ መሆኔ ገብቷቸው አክብሮቱን የጨመሩልኝ መስሎኝ የዶሮውን ፈረሰኛ ሳልግደረደር በላሁ።

ሐሙስ

ሐሙስ የጎጆ ገበያ ነው። ከየቀበሌው ሰው ይወርዳል፤ ሜዳው በድንች ክምር፣ በገብስና በበግ ይሞላል። መኪናውን መሐል ላይ አቁመን ማስታወቂያውን ከፈትን። ጋሽ ወርቁ የተበሳ ጎማ ይዞ ወደ ጠጋኝ ሄደ። እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጡ፤ ካፖርት የደረቡ፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ናቸው።

"ጓድ ዮናስ፣ ከአዲስ አበባ መጥተህ ሻይ ሳንጋብዝህ?" አሉኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግኩምም። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠንጥኜ ከፈትኩት፤ ዎክማኑን እንዳይሰርቁብኝ በሮቹን ሁሉ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሻይ ቤቱ ከገበያው ማዶ፣ መቶ እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው። ከማስታወቂያው ማለቂያ በፊት እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ሊቀመንበሩ ስለ ዘንድሮው መዋጮ አወጉኝ። እኔም ስለ ዎክማኑ አወጋኋቸው፤ በራሱ እንደሚዞር እንኳ በእጄ እያሳየሁ ነገርኳቸው። ወሬው ጣመኝ። የባልደረባችን ድምፅ አቆመ፤ ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ገበያው ሁሉ የእኔን ድምፅ ሰማ።

"ሰናይት ሙች፣ ያለበሱኝ ባና..."

ሰው የራሱን ድምፅ ከጣሪያ ላይ ሲሰማው መጀመሪያ አያውቀውም። እኔ ያወቅኩት ባዕ ሲል ነው። ሁለቱ ጡሩምባዎች በአንድ ላይ ባዕ አሉ። ገበያው ውስጥ ያሉት በጎች መለሱለት። አማርኛ የሚያውቀው ሳቀ፤ የማያውቀው ጎረቤቱን እየጠየቀ ሳቀ። "የማን ቤት ነው ያደረው?" "የቶሎሳ!" ሲባባሉ ሰማሁ።

ብድግ አልኩ። ሊቀመንበሩ እጄን ይዘው "ይሄ ያንተ ድምፅ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። እጄን መንጭቄ ሮጥኩ። ከባናው ቀጥሎ ድንቹ፣ ከድንቹ ቀጥሎ በጎቹ እንደሚመጡ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። የድንች ክምር ረግጬ ወደቅኩ፤ ባለቤቷ "ቀስ፣ ቀስ ልጄ" ብላ ከጉልበቴ ላይ ጭቃ ትጠርግልኝ ጀመር። ከጭንቅላቴ በላይ የእኔው ድምፅ "ቅጠል አብቅዬ ብታገኚኝ" ይላል። መኪናው አጠገብ ስደርስ ሕዝቡ ከቦት አላሳልፍ አለኝ። ቁልፉን ከኪሴ ላወጣ ብል በላብ ከራሰው እጄ እያመለጠ አስቸገረኝ።

"ደግሞ ሌላ ጉድ ልንገርሽ" አለ ጣሪያው። "እዚህ አገር ሰው በጎቹን..."

ጸጥ አለ። ጡሩምባዎቹ አንድ ጊዜ ጠቅ አሉና ቀሩ።

ሰዎቹን ገፍቼ ስገባ አዴ ጫልቱ በሾፌሩ በር አጠገብ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የገዙትን ጨው ይዘዋል፤ በሌላው ደግሞ በመስኮቱ ጥግ ከሚወጣው ገመድ ላይ የተበጠሰ ጫፍ። ስበው ነቅለውት ነበር። ገመዱን ዘረጉልኝና ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ በጥሩ አማርኛ ተናገሩኝ።

"እንካ። የባናውን ትናንት ሰምቼዋለሁ። አጥሩ ሥር ላሚቷን እያለብኩ ነበር። ይሄኛውን ግን ሰው እንዳይሰማ ነው።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ጭር፣ ጭር ያለው ወፍ አልነበረም፤ ገንቦው ውስጥ የሚወርድ ወተት ነው፤ ያንኑ ወተት ከመኪናው ተመልሼ ጠጥቼዋለሁ። ሊቀመንበሩ እያለከለኩ ደረሱና "በጎቹን ምን? ሰው በጎቹን ምን?" አሉ። አዴ ጫልቱ እኔን አዩኝ።

"በጎቹን ይወዳል ልል ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ።

ሊቀመንበሩ "እኛም በጋችንን እንወዳለን፣ ባናችንንም እንወዳለን" ብለው ሳቁ። ሕዝቡ አብሮ ሳቀ። አዴ ጫልቱ አልሳቁም፤ ጨዋቸውን ይዘው ሄዱ።

ጋሽ ወርቁ ተመልሶ ሁሉን ከሰው ሰማ። ገመዱን ቀጠለ። ጨርሶ ፕላስተሩን ከጠቀለለ በኋላ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለ። ደግሞ "ያ ባና እኮ በቤቱ ያለው አንድ ነው። እነሱ ሁለት ሌሊት በነጠላ ነው ያደሩት። አይቻለሁ" ብሎ ጨመረ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ ኦቦ ቶሎሳ ከሩቅ ቀበሌ ገና መመለሳቸው ነው። ባናውን አስመልክቶ የተባለውን መንገድ ላይ ሰምተውታል። የቀረውን ግን አያውቁም፤ ሚስታቸው አልነገሯቸውም። እኔ ብናገር የበለጠ እንደሚያስቀይማቸው ባውቅም ዝም ብዬ ድንቻቸውን መብላት አልቻልኩም። ቆሜ ተናገርኩ። ስማቸውን መጥራቴንም አልደበቅኩም።

ኦቦ ቶሎሳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "በጎቹን የምትለዋን ቃል ገበያው ሰምቷታል" አሉ ቀስ ብለው። "የፈራ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ዛሬ በየቤቱ ካልዞርኩ ነገ አንድ በግ አይመጣም።" ከዚያ የገቡበትን ጫማ ሳያወልቁ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አብሬ ልሂድ ብል "አንተ ተቀመጥ፣ ድምፅህን ያውቁታል" አሉኝ።

አዴ ጫልቱ ራት አቀረቡ፤ ድንች ነው። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"አዴ ጫልቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ባለጌ ነኝ" አልኩ።

"ባለጌ አይደለህም፤ ልጅ ነህ" አሉ። "ብላ። ዛሬ ድንች ነው። ዶሮዋ አንድ ነበረች።"

ዓርብ

ኦቦ ቶሎሳ መቼ እንደተመለሱ አላየሁም። ጠዋት ግን ከሁሉ ቀድመው ሜዳው ላይ ቆመው ነበር። በጎቹ ይደነብራሉ በሚል ሰበብ ከማኅበሩ ታጣቂዎችና ጸሐፊዎች አንድም እንዳይጠጋ ከሊቀመንበሩ ጋር ተነጋግረው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ክትባቱን የያዘው መኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አንድ በግ የለም። ከታቢዎቹ እጃቸውን እያሻሹ "ቅስቀሳውን ማን ነው የሠራው?" ይላሉ። እኔ መኪናው ጎን ቆሜ ያን ዳገት አያለሁ። በሕይወቴ ለበግ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከጉሙ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሌሎች፣ ከነሱም ኋላ ሌሎች። ሜዳው ሞላ። ሊቀመንበሩ እንኳ "ይሄ ሁሉ በግ የት ነበር?" አሉ። ኦቦ ቶሎሳ መርፌ እያቀበሉ "ከየቤቱ ነዋ" ብለው መለሱ። አንድ ሽማግሌ መንጋቸውን ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና በለሆሳስ "ባዕ" አሉኝ። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ስንወጣ አዴ ጫልቱ በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ድንች በመስኮቱ አቀበሉን። "መንገድ ሩቅ ነው" አሉ። ባናው አጥሩ ላይ እንደተሰጣ ነው፤ ጫፉን ነካሁት፤ እንደ ረቡዕ ማታው ርጥብ ነበር። ጭቃው ያው ቦታ ላይ ያዘን፤ ያን ጊዜ ወርጄ ገፋሁ፤ ማንም ግን አላየኝም። ድንቹን ጭልሞ ላይ ሳንቆም በላነው። 

ከተመለስኩ በኋላ

ሰናይት ዎክማኑን ተቀብላ "ካሴቱስ?" አለችኝ። የመሥሪያ ቤት ነው፣ መለስኩት አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ጀርባው ላይ ባዶ ቀድቼ ድምፄን አጥፍቼ ነው የመለስኩት። ሳምንት ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ሁሉን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ "እኛ ቤት ስንት ብርድ ልብስ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ቤት ስድስት፣ እነ ሰናይት ቤት አምስት። በሕይወቴ ለእንግዳ የለቀቅኩት አልጋ ግን ትዝ አላለኝም። በማግስቱ አብረን ወጥተን አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛን፤ ጋሽ ወርቁ ለሁለተኛው ዙር ክትባት ወደ ጎጆ ሲሄድ ወሰደልን።

ጋሽ ወርቁ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። በጎቹ ደህና ናቸው፣ በሽታው አልገባም አለኝ። ከዚያ ከመኪናው ኋላ የታጠፈ ጥቁር ነገር አውጥቶ ክንዴ ላይ ጣለልኝ። ያው ባና ነው። "አዴ ጫልቱ ለመድረቅ ዘጠኝ ቀን ፈጀ አሉ። የላከው ብርድ ልብስ ለቤቱ በቃ፣ ይሄ ለሱ ይሁን፤ አሁን አይሸትም በለው አሉኝ።"

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፊቴን ባናው ውስጥ ቀብሬ አሸተትኩት፤ በግ ፈለግኩበት። የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነበር።